ለሥዕል ተማሪዎች፦ ጆን ፊሊፕ ሴቪያ ሲደርስ 34 ዓመቱ ነበር

ውድ ልጆቼ፣

አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አንድ ነው። «የራሴን ስታይል እንዴት ላግኝ?» ትላላችሁ። ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሳይቀር ስታይል አጣሁ ብሎ ሲጨነቅ አያለሁ። ጭንቀታችሁ ይገባኛል። ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ አንድ ሠዓሊ ስላለ፣ ዛሬ የእሱን ሕይወት ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ፊሊፕ ይባላል። የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ሰው ነው። ስኮትላንዳዊ ሆኖ ሳለ የዘመኑ ሰዎች «የስፔኑ ፊሊፕ» ይሉት ነበር። በ1817 አበርዲን ከተማ ተወለደ። አባቱ ጡረታ የወጣ ወታደርና ጫማ ሰፊ ነበር። ቤታቸው የድሃ ቤት ነው። ልጁ መጀመሪያ የያዘው ብሩሽ የቤት ቀለም ቀቢ ብሩሽ ነው፤ ግድግዳ ከሚቀባና መስታወት ከሚገጥም ባለሙያ ዘንድ ነበር ሥራ የለመደው።

በ1834፣ በ17 ዓመቱ፣ ወደ ለንደን በምትሄድ መርከብ ተደብቆ ተሳፈረ። የሄደው የሮያል አካዳሚን፣ ማለትም የእንግሊዝ ታላላቅ ሠዓሊዎች ማኅበርን፣ ዓመታዊ ኤግዚቢሽን ለማየት ነው። አይቶ ወደ አበርዲን ተመለሰ። እናንተ ዛሬ የዓለምን ሥዕል ሁሉ በስልካችሁ ታያላችሁ፤ ትልቅ ዕድል ነው። ግን ስልክ የሥዕሉን መጠን አያሳይም። የቀለሙን ውፍረት አያሳይም። ከተማችሁ ውስጥ ኤግዚቢሽን ሲከፈት በር ላይ ፎቶ ተነሥታችሁ አትመለሱ። አንድ ሥዕል ምረጡና ፊቱ ቆማችሁ እግራችሁ እስኪደክም እዩት።

በኋላ ሎርድ ፓንሙር የሚባል ባላባት ችሎታውን አይቶ ወጪውን ቻለለትና በ1837 ሮያል አካዳሚ ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ ያገኛቸው ጓደኞች ከትምህርቱ ያላነሰ ጠቅመውታል ብዬ አምናለሁ። ሪቻርድ ዳድ፣ ዊልያም ፍሪት፣ አውግስተስ ኤግና ሌሎችም ነበሩበት። ተሰብስበው አንድ ርዕስ ይመርጣሉ፣ ሁሉም በዚያው ርዕስ ይሥላል። ከዚያ ሠዓሊ ያልሆነ ሰው ጠርተው ያስፈርዳሉ። ይህን ነገር በጣም ነው የምወደው። ጓደኛህ ስለሚወድህ «ፓ!» ይልሃል። የሥዕል ትምህርት ያልተማረ ሰው ግን «ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ሸራው ላይ ከሌለ ሥዕሉ አላለቀም ማለት ነው።

ፊሊፕ ከትምህርት በኋላ የሠራው የአገሩን ሕይወት ነው። የስኮትላንድ ገጠር፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ የክርስትና ሥነ ሥርዓት። ጥሩ ሥራዎች ናቸው። ቢሆንም ቀድሞት የታወቀው የአገሩ ልጅ የዴቪድ ዊልኪ ጥላ አለባቸው። እዚያው ቢቀር ኖሮ ደህና ሠዓሊ ተብሎ ይሞት ነበር፤ ዛሬ እኔም ስሙን ባላነሣሁት።

ከዚያ ጤናው ታወከ። ሞቃት አገር ሂድ ተባለ። በ1851 ወደ ስፔን ተጓዘና ሴቪያ ገባ። ዕድሜው 34 ነው። የደቡቡ ፀሐይ የለመደውን ቀለም አላስቀመጠለትም። በስኮትላንድ ደመና ሥር የሚሠራ ቡናማና ግራጫ፣ ነጭ ግድግዳ ላይ ከሚያርፍ የቀትር ብርሃን ጋር አይሄድም። ስለዚህ ቀለሙ ደመቀ፣ ምስሎቹ ገዘፉ፣ እጁም ተፈታ። ስታይል ልፈልግ ብሎ አልሄደም። የሚያየውን ነገር በድሮ እጁ መሣል ስላቃተው ነው እጁ የተለወጠው።

ልብ አድርጉ፣ የሣለው ቤተ መንግሥትና ሐውልት አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ የስፔን ሥራዎቹ አንዱ የሴቪያ ደብዳቤ ጸሐፊ ነው። ሽማግሌው መንገድ ዳር ተቀምጦ፣ መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች ደብዳቤ ይጽፋል። እኛ አገር ፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉትን አባቶች አስቡ። ምስጢርህን ለማታውቀው ሰው ጆሮ ጠጋ ብለህ መናገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሥዕሉ ያሳያል። ንግሥት ቪክቶሪያ ወስዳዋለች፤ ዛሬም የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ስብስብ ውስጥ ነው።

ከ1859 ደግሞ «የቡዳ ዓይን» የምንለው ሥዕል አለ። ፊሊፕ ራሱን ነው የሣለው፤ ደብተር ይዞ አንዲት የሮማ ሕዝብ (ጂፕሲ) ሴት ሲነድፍ። ሴትየዋ ግን በዓይኑ እየወጋት መስሏት ደንግጣለች። ስንቶቻችሁ ናችሁ ካሜራ አውጥታችሁ የማታውቁትን ሰው ፊት ያለ ፈቃድ የምትወስዱ? ይህ ሰው ሴትየዋን ያስፈራት ዓይን የራሱ መሆኑን አውቆ ሸራ ላይ አስቀመጠው። እባካችሁ፣ አንድን ሰው ከመሣላችሁ በፊት ሰላም በሉት።

እውነቱን ለመናገር የፊሊፕ ስፔን ሙሉዋ ስፔን አይደለችም። ማራገቢያ፣ ጊታር፣ የዳንቴል ነጠላ የለበሱ ቆነጃጅት ይበዙባታል። የለንደን ገዢ የሚፈልገው ያንን ነበር። ሥራዎቹን ሁሉ እኩል አልወድም። በስሙ ላይ የሚያኮራ ትዕዛዝም መጣለት፤ የንግሥቲቱን የመጀመሪያ ልጅ ሠርግና የእንግሊዝን ፓርላማ ሣለ። እነሱን ዘለል አድርጌ የማልፈው «ላ ግሎሪያ» ጋ ለመድረስ ነው።

«ላ ግሎሪያ» የ1864 ሥራ ነው። ሕፃን ሞቷል። በዚያ በስፔን ልማድ ሕፃን ንጹሕ ስለሆነ በቀጥታ መንግሥተ ሰማያት ይገባልና ጎረቤት ተሰብስቦ ይጨፍራል። በቀኝ በኩል ሙዚቃና ጭፈራ፣ ፀሐይ እንደ ጉድ የፈሰሰበት። በግራ በኩል ጥላ። ጥላው ውስጥ እናት ተቀምጣለች። ነይ ጨፍሪ ይሏታል፤ እሷ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ የምትል አትመስልም። ሁሉም ደግ ሰው ነው፣ ሁሉም ሊያጽናናት ነው የመጣው፤ እሷን ግን ማንም አልደረሰባትም። ያንን ለማየት የአንድ ሳምንት ቱሪስት መሆን አይበቃም። ፊሊፕ በ1856 ሁለተኛ፣ በ1860 ሦስተኛ ጊዜ ወደ ስፔን ተመልሷል።

ከራሱ ቤትም ሐዘን አልጠፋም። ጓደኛው ሪቻርድ ዳድ አእምሮው ታውኮ በ1843 አባቱን ገደለ። ፊሊፕ ያገባው የዳድን እህት ነው፤ እሷም በኋላ የአእምሮ ሕመም አገኛት። ያንን ሁሉ ፀሐይ የሣለው እንዲህ ባለ ቤት የሚኖር ሰው ነው። ስለዚህ «ሙድ የለኝም» ብላችሁ ሥራ ስታቆሙ እሱን አስታውሱት።

በሦስተኛው ጉዞው ማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ገብቶ የጥንቱን ስፔናዊ ታላቅ ሠዓሊ የቬላስኬዝን ሥራ ቀዳ፤ ከታዋቂው ሥዕሉ ከ«ላስ ሜኒናስ» የቀዳው ዛሬ ሮያል አካዳሚ አለ። ያኔ የአካዳሚው ሙሉ አባል ነው፣ ዕድሜው ከአርባ አልፏል፣ ገዢው ሞልቷል። ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1867፣ በ49 ዓመቱ ለንደን ውስጥ አረፈ።

«ላ ግሎሪያ» ኤድንበርግ ብሔራዊ ጋለሪ ነው ያለው፤ በጥራት የተነሣ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ታገኛላችሁ። የሚቀጥለው ሳምንት ሥራችሁ ይሁን። ጭፈራውን ተዉትና በግራ ያለውን ጥላ ብቻ በእርሳስ ቅዱ። ጨርሳችሁ ሥዕል ላልተማረ አንድ ሰው አሳዩት። ያላችሁን ከጀርባው ጻፉበትና ላኩልኝ፤ የሁላችሁንም አያለሁ።

አስተማሪያችሁ