የማዳጋስካር ቫኒላ ዋጋው ለምን ይወደዳል?

ጥያቄ፦ ማዳጋስካር በቫኒላ ስሟ ይነሳል። ተክሉ የዚያው አገር ነው? ዋጋውስ ለምን ይህን ያህል ይወደዳል?

መልስ፦ የቫኒላ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ሲሻገር አበባውን የሚያዳቅሉት ነፍሳት አብረውት አልመጡም፤ ሐረጉ ያብባል እንጂ አያፈራም ነበር። መላውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1841 በሬዩንዮን ደሴት በባርነት ይኖር የነበረ የ12 ዓመት ልጅ፣ ኤድሞንድ አልቢየስ ነው። ስሙ ሊረሳ አይገባም። በቀጭን እንጨት የወንዴውንና የሴቴውን ክፍል የሚለየውን ስስ ክዳን ገለጠና በአውራ ጣቱ ሁለቱን አነካካቸው። ዛሬም በሰሜን ምሥራቅ ማዳጋስካር፣ በሳምባቫና በአንታላሃ ዙሪያ፣ ሥራው ያው ነው። አበባው አንድ ቀን ብቻ ስለሚቆይ ገበሬው ሐረጉን በየማለዳው ይፈትሻል።

ፍሬው ለመድረስ 9 ወር ገደማ ይፈጃል። ሲለቀም 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሞቀ ውኃ ለ3 ደቂቃ ይነከራል፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እንዲያልበው ይደረጋል፤ ለሳምንታት ፀሐይ ይሞቃል፤ ከዚያ በሳጥን ለወራት ይቀመጣል። 1 ኪሎ ደረቅ ቫኒላ ከ5 እስከ 6 ኪሎ እርጥብ ፍሬ ይወስዳል።

ትልቁ ጠንቅ ሌባ ነው። ስርቆት የፈራ ገበሬ ሳይደርስ ይለቅማል፤ ጥሬ የተለቀመ ደግሞ መዓዛው ይሳሳል፣ ቶሎም ይሻግታል። አንዳንዶች ፍሬውን ገና ሐረጉ ላይ እያለ በመርፌ ወግተው የራሳቸውን ምልክት የሚያሳርፉበት ለዚህ ነው።