«ሲግኒፊካንት» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣ መመረቂያ ጽሑፋችሁን በእንግሊዝኛ ስትጽፉ አንድ ቅጽል እጅግ ታበዛላችሁ፤ «ሲግኒፊካንት»። በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ «ጉልህ»፣ «ቁም ነገር ያለው» ማለት ነው። በስታቲስቲክስ ግን ሥራው ሌላ ነው። የተማሪዎችን ጽሑፍ ሳማክርና ስገመግም የኖርኩ ሰው ነኝና የሁለቱ መቀላቀል ከልብ ያሳስበኛል።

የደም ግፊት መድኃኒት እየሞከራችሁ ነው እንበል። በዕጣ ከተለዩ ሰዎች 5,000ዎቹ መድኃኒቱን ወሰዱ፣ ሌሎች 5,000 አልወሰዱም። የወሰዱት ሰዎች የላይኛው ግፊት በአማካይ በ1 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አንሶ ተገኘ። ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ (የሰዎቹ ግፊት ከአማካዩ የሚራራቅበት መጠን) 15 ከሆነ ኮምፒውተሩ ፒ ቫልዩው (ምንነቱን ከታች የማብራራው ቁጥር) ከ0.001 በታች ነው ይላችኋል፤ እናንተም ከተለመደው የ0.05 ድንበር ስላነሰ «ሲግኒፊካንት» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ለታካሚው ግን 1 ሚሊሜትር ምን ይፈይድለታል? የአንድ ሰው ግፊት ከጠዋት እስከ ማታ እንኳ ከዚያ በላይ ከፍ ዝቅ ይላል። አሁን ደግሞ በየወገኑ 10 ሰዎች ብቻ ይኑሩ፤ ልዩነቱ 10 ሚሊሜትር ይሁን። ፒ ቫልዩው 0.15 ገደማ ይወጣና ተማሪው «መድኃኒቱ አይሠራም» ብሎ ይደመድማል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያነሰው ናሙናው ነውና።

ፒ ቫልዩ የሚነግረን መድኃኒቱ ምንም የማይሠራ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ ምን ያህል ሊታይ እንደሚችል ነው። 0.03 ወጣ ማለት መድኃኒቱ የመሥራቱ ዕድል 97 በመቶ ነው ማለት አይደለም፤ መምህራንም ጭምር እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። የ0.05 ድንበርም ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለሥራ ይመቻል ብሎ የወሰደው ነው። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2016 ባወጣው መግለጫ ፒ ቫልዩ የውጤትን መጠንም ሆነ ጠቃሚነት እንደማይለካ በግልጽ አስፍሯል።

ስለዚህ ልዩነቱን ራሱን ከነኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (ከመረጃው ጋር ከሚስማሙት የልዩነት መጠኖች ክልል ጋር) አስቀድሙ። «የ1 ሚሊሜትር ቅናሽ፣ ከ0.4 እስከ 1.6» ሲባል አንባቢው ራሱ ይመዝናል። የ10 ሰዎቹ ውጤት ደግሞ ከ4 ጭማሪ እስከ 24 ቅናሽ ይዘረጋል፤ ገና ብዙ መጠናት እንዳለበት ይህ ስፋት ይናገራል።

ግኝታችሁን ለጤና ቢሮ በአማርኛ ስታቀርቡ በተለይ ተጠንቀቁ። በጀት የሚመድበው ኃላፊ «ጉልህ ለውጥ» የሚለውን እንደ ተጻፈው ያምናል። «ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ የመጣ አይመስልም፤ መጠኑ ግን 1 ሚሊሜትር ነው» ብላችሁ ጻፉለት።