የኪራይ ቤት ኢንሱሌሽን በኒው ዚላንድ፦ የአከራዮች ጥያቄና መልስ

መግቢያ፦ በዌሊንግተንና በሃት ሸለቆ ከአሥር ዓመት በላይ በሰው ኮርኒስ ላይ እየዳኽሁ፣ በሰው ወለል ሥር በሆዴ እየተሳብሁ ኢንሱሌሽን፣ ማለትም የቤቱ ሙቀት እንዳይወጣ የሚያግድ ንጣፍ፣ ስገጥም ኖሬአለሁ። ቤት የምታከራዩ ወገኖቼ በየግላችሁ ስለምትጠይቁኝ፣ ዛሬ ሁሉንም በአንድ ላይ ለመመለስ ተስማምቻለሁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። የጤናማ ቤቶች መስፈርት የሚባለው የ2019 ደንብ (እዚህ የምጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ለአከራዮች የሰጠው የመጨረሻ ቀን ጁላይ 1 ቀን 2025 ነበር፤ እርሱም አልፏልና «ገና ጊዜ አለኝ ወይ?» የሚል ጥያቄ አይቅረብልኝ። ሁለተኛው፣ ወደ ወለል ሥር ከመግባታችሁ በፊት መብራቱን ከዋናው ማጥፊያ አጥፉ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እንደምናገረው ከወዲሁ እወቁልኝ።

ጥያቄ (ከሃሚልተን)፦ ጋሼ፣ በ2018 ባለሙያ አስመጥቼ የኮርኒሴን ኢንሱሌሽን አስፈትሼ «ሕጉን ያሟላል» የሚል ወረቀት ተሰጥቶኛል። አሁን ተከራዬ አያሟላም ትለኛለች። ወረቀቴ አይሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ ወረቀትዎ በተጻፈበት ቀን እውነት ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ግን ለብቻው አያድንዎትም። ብዙ አከራይ የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። ከዚህኛው በፊት የነበረው የ2016ቱ ደንብ ነባር የኮርኒስ ኢንሱሌሽንን ይመዝን የነበረው በ1978 መለኪያ ነው፤ በእንጨት ለተሠራ ቤት አር 1.9 ይበቃ ነበር (አር ማለት ንጣፉ ሙቀት እንዳያልፍ የመከላከል አቅሙ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ይሻላል)። የ2019ኙ ደንብ ግን ያንን መለኪያ ትቶ ወደ 2008ቱ የሕንፃ ሕግ ከፍ አለ። በዚህም መሠረት በእርስዎ አካባቢ፣ በኦክላንድና በዌሊንግተን ለኮርኒስ አር 2.9፣ እንደ ክራይስትቸርች ባሉ የደቡቡ ደሴት ከተሞች አር 3.3፣ ለወለል ሥር ደግሞ በሁሉም ቦታ አር 1.3 ያስፈልጋል። ለነባር የኮርኒስ ኢንሱሌሽን አንድ ማስተንፈሻ ተትቷል፤ ይኸውም ውፍረቱ ቢያንስ 120 ሚሊ ሜትር ከሆነና እርጥበት፣ ሻጋታ ወይም ክፍተት ከሌለበት ያልፋል። ስለዚህ በ2018 «ያሟላል» የተባለ ስስ ንጣፍ፣ ማንም ሳይነካው፣ ዛሬ የማያሟላ ሆኗል።

ማስመሪያ ይዘው ይውጡ፤ ግን እባክዎ ከመውጫው ቀዳዳ አጠገብ ብቻ ለክተው አይውረዱ። ገጣሚው ሥራውን አሳምሮ የሚተወው እዚያ ነው፣ ፈታሹም ፎቶ የሚያነሣው እዚያ ነው። የጣሪያው ክፈፍ ዝቅ ወደሚልበት ዳር ተስበው ይሂዱና ይለኩ። ጥጡ ተረግጦ፣ በሳጥንና በሻንጣ ተጨፍልቆ የሚገኘው እዚያ ነው። ኢንሱሌሽን የሚሠራው በውስጡ በያዘው አየር ነው፤ የተጨፈለቀ ኢንሱሌሽን በመለያው ላይ የተጻፈውን አር አይሰጥም።

ጥያቄ (ከኦክላንድ)፦ የእኔስ ቤት ያልፋል? በ1960ዎቹ የተሠራ ነው።

መልስ፦ በዚህ አገር አዲስ ቤት ኢንሱሌሽን እንዲኖረው ሕግ ያስገደደው ከ1978 ወዲህ ስለሆነ፣ የእርስዎ ሲሠራ ባዶውን ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳስገባበት እዚህ ተቀምጬ ላውቅ አልችልም። ከላይ ያለውን ያንብቡና ይለኩ።

ጥያቄ (ከሎወር ሃት)፦ ከወለሌ ሥር የብር ወረቀት የመሰለ ነገር ተሰቅሏል። ግማሹ ተቀዷል። መልሼ በስቴፕለር ልምታው?

መልስ፦ አይንኩት! ይህ የብር ወረቀት ፎይል ይባላል፤ እርሱን መብራት ባለበት መኖሪያ ቤት ውስጥ መግጠምም ሆነ መጠገን ከጁላይ 1 ቀን 2016 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ቅጣቱም እስከ 200,000 ዶላር ይደርሳል። ከቅጣቱ ይልቅ ግን ምክንያቱን እንድትረዱት እፈልጋለሁ። የወለሉን ሞራሌ ተከትለው የሚሄዱ የመብራት ሽቦዎች አሉ። አንዲት የስቴፕለር ሚስማር የሽቦውን ልባስ ብትበሳ፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋው ፎይል በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ እርስዎ ደግሞ እርጥብ አፈር ላይ ተኝተው እጅዎን ወደ እርሱ እየዘረጉ ነው። በአውስትራሊያ መንግሥት በ2009 የጀመረው የቤቶች ኢንሱሌሽን ፕሮግራም በፌብሩዋሪ 2010 የተቋረጠው አራት ወጣት ሠራተኞች ከሞቱ በኋላ ነው። ሦስቱን የገደላቸው ኤሌክትሪክ ነበር፤ አራተኛው በኮርኒስ ውስጥ ሙቀት ሞተ።

አንድ ጊዜ እዚያው ሎወር ሃት፣ ጎኔን እንኳ በማላዞርበት ጠባብ ወለል ሥር ገብቼ ነበር። የተቀደደው ፎይል በነፋሱ እየተንኮሻኮሸ ፊቴ ላይ ተንጠልጥሏል፤ በባትሪዬ ሳየው አንደኛው ሚስማር ከነጩ ሽቦ ጋር ፎይሉን አንድ ላይ ሰፍቶታል። የቤቱ ባለቤት መብራቱን አጥፍቼዋለሁ ብሎኝ ነበር፤ ያጠፋው ግን የኩሽናውን ብቻ ነው። እኔ ራሴ ወጥቼ ዋናውን ባላጠፋ ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፍላችሁ አይኖርም ነበር። ስለዚህ የተቀደደ ፎይል አይጠገንም፤ ዋናው መብራት ጠፍቶ ይነሣና በሞራሌዎቹ መካከል በሚወጠር ፖሊስተር ወይም የመስታወት ጥጥ ይተካል።

ጥያቄ (ከፖሪሩዋ)፦ ወጪውን በኪራይ ላይ መጨመር ይቻላል?

መልስ፦ ኪራይ በ12 ወር አንድ ጊዜ፣ በ60 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ይጨመራል። ከዚህ በላይ የሒሳብ ባለሙያ ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከክራይስትቸርች)፦ ግድግዳውስ? መስፈርቱ ስለ ግድግዳ ምን ይላል?

መልስ፦ ግድግዳ አይጠየቅም። ኮርኒስና ወለል ሥር ብቻ ነው።

አስተያየት (ከኦክላንድ፣ አከራይ)፦ ግድግዳው ካልተጠየቀ ይህ ሁሉ ወጪ ለምንድን ነው? እኛ ደብረ ብርሃን በጭቃ ቤት አድገናል፤ ከዚያ የባሰ ብርድ የለም፣ ኢንሱሌሽን የሚባል ነገር ግን ማንም አያውቅም ነበር። ተከራይ ጋቢውን ደርቦ ይቀመጥ።

አስተያየት (ከዌሊንግተን፣ ተከራይ)፦ ወንድሜ፣ የደብረ ብርሃኑ የጭቃ ግድግዳ ወፍራም ነው፤ የቀኑን ፀሐይ ይዞ ማታ ይመልሳል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ምድጃ ይነድዳል። የዚህ አገር አሮጌ ቤት ቆርቆሮና ስስ ጣውላ ነው፤ ከሥሩ ነፋስ ይነፍሳል። በልጆቼ አልጋ ጀርባ ያለውን ሻጋታ በየሳምንቱ እጠርጋለሁ። ጋቢ ሻጋታ አያስቆምም።

አስተያየት (ከኦክላንድ፣ አከራይ)፦ ሻጋታው መስኮት ስለማይከፈት ነው። አከራይ የተከራይን መስኮት መክፈት የለበትም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ከጥያቄው ወጥታችኋል፤ አንድ ነገር ብዬ ልዝጋው። የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ፊሊፓ ሃውደን-ቻፕማንና ባልደረቦቿ 1,350 ቤተሰቦችን ከሁለት ከፍለው፣ የግማሾቹን ቤት አስቀድመው ኢንሱሌሽን አስገጥመው በማነጻጸር ውጤቱን በ2007 አሳትመዋል። ኢንሱሌሽን በገባላቸው ቤቶች ውስጥ የሚኖሩት ደረታቸው ማፏጨቱ፣ ከትምህርትና ከሥራ መቅረታቸውም ቀንሷል።  በ2014 ደግሞ በኦክላንድ በመንግሥት ቤት ውስጥ ይኖሩ ከነበሩ ቤተሰቦች አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ሞታ፣ መርማሪው ዳኛ የቤቱ ብርድና እርጥበት ለሕመሟ አስተዋጽኦ አላደረገም ማለት እንደማይቻል ተናግሯል። ደንቡ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። የመስኮቱን ነገር በተመለከተ የአየር ማስወጫ መስፈርት ራሱን ችሎ አለ፤ ለኩሽናና ለመታጠቢያ ቤት ማስወጫ ፋን ግዴታ ነው። ወደ ኢንሱሌሽን እንመለስ።

ጥያቄ (ከኔልሰን)፦ ጣሪያዬ ኮርኒስ የለውም፤ ተዳፋት ሆኖ ጣውላው በቀጥታ ከቆርቆሮው ሥር ተመትቷል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ትልቅ የግንባታ ሥራ ሳይሠራ መድረስ የማይቻልበት ቦታ ለጊዜው ነጻ ይደረጋል። ይሁን እንጂ «ለጊዜው» የምትለውን ቃል አይርሱ፤ ነገ ቆርቆሮውን ሲቀይሩ ክፍተቱ ይከፈታልና ያን ጊዜ ኢንሱሌሽኑን የማስገባት ግዴታ ይመለስብዎታል። ጣሪያ ሠሪው ቆርቆሮውን መልሶ ከመምታቱ በፊት ይጥሩኝ፣ ወይም ሌላ ይጥሩ።

ጥያቄ (ከኦክላንድ)፦ የእኔ አፓርታማ ነው፤ ከላይም ከታችም ሰው ይኖራል።

መልስ፦ ከላይ ሌላ መኖሪያ ካለ ኮርኒሱ አይጠየቅም፣ ከታችም እንዲሁ። ውሉ ላይ ግን ይህንኑ ይጻፉ።

ጥያቄ (ከፓልመርስተን ኖርዝ)፦ መንግሥት ለኢንሱሌሽን ለሚሰጠው የዋርመር ኪዊ ሆምስ ድጎማ ማመልከት እችላለሁ?

መልስ፦ እርሱ በገዛ ቤቱ ለሚኖር ሰው ነው። ለአከራይ አይደለም።

ጥያቄ (ከዌሊንግተን)፦ ባለሙያ ሳልጠራ እኔው ብገጥመው ሕጉ ይከለክለኛል?

መልስ፦ አይከለክልዎትም፤ ሥራው ግን 4246 የሚባለውን የአገሩን የአገጣጠም ደረጃ መከተል አለበት። ዋናውን መብራት አጥፍተው ይጀምሩ። በኮርኒሱ ውስጥ የተቀበሩ አሮጌ አምፖሎች ካሉ ጥጡን በላያቸው አይጎትቱት፤ እየጋሉ እሳት ያስነሣሉ። መለያቸውን ያንብቡ፣ ካልገባዎት ኤሌክትሪሻን ያሳዩ። ከጣሪያው ሥር ከተዘረጋው ወረቀትም 25 ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ ካልራቀ የጣሪያውን ጤዛ ይመጥጣል። ከወለል ሥር ሲሆን ደግሞ ዙሪያው የተዘጋ ከሆነ መሬቱ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፋል፤ ይህ በእርጥበት መስፈርት ሥር የሚጠየቅ ነው። ፕላስቲኩ በተነጠፈ በማግሥቱ ገብቶ ከበታቹ የተንጠለጠለውን ጠብታ ላየ ሰው ያ ሁሉ ውሃ ወደ ቤቱ ይወጣ እንደነበር ማስረዳት አያስፈልግም።

ጥያቄ (ከሎወር ሃት)፦ ፎይሉን በስቴፕለር ሳይሆን በቴፕ ብለጥፈውስ?

መልስ፦ ጥገና ጥገና ነው። ከላይ የጻፍኩትን እንደገና ያንብቡ።

ጥያቄ (ከፖሪሩዋ)፦ ባላሟላ ምን ይደርስብኛል?

መልስ፦ ተከራይ ወደ ተከራይና አከራይ ትሪቡናል ከወሰደዎት እስከ 7,200 ዶላር ለተከራዩ እንዲከፍሉ ሊወሰን ይችላል፤ ሥራውንም ከመሥራት አያመልጡም። ተከራይ ማስረጃ ሲጠይቅዎት በ21 ቀን ውስጥ መስጠት አለብዎት። ለጥገና ለመግባት የ24 ሰዓት ማስታወቂያ ይስጡ። የገዙበትን ደረሰኝና በጥቅሉ ላይ ያለውን አር የሚያሳይ መለያ ጣሪያው ውስጥ አይጣሉት፤ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ።

ጥያቄ (ከሃሚልተን)፦ ጋሼ፣ ወጥቼ ለካሁ። በመውጫው አጠገብ 130፣ መሐል ላይ 110፣ በዳር ዳሩ 70 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ጥግ ላይ ጭራሽ የለም፤ አይጥ ጎጆ ሠርቶበታል።

መልስ፦ ይኸው፣ ወረቀቱ ያላየው። ተከራይዎ ልክ ነች። የአይጡን ጎጆና የረጠበውን አንሥተው ይጣሉ፤ ደረቅ የሆነው ይቆይ። ባዶውን ጥግ በነባሩ ልክ ሞልተው፣ ከዚያ በሙሉው ላይ አዲሱን ንጣፍ ሞራሌዎቹን አቋርጦ በተቃራኒው አቅጣጫ ይዘርጉ፤ የነባሩና የአዲሱ ድምር ከአር 2.9 እንዳያንስ። ከዚያ በፊት ግን አይጡ የነካው ሽቦ እንዳለ ኤሌክትሪሻን ይይልዎት፤ እስከዚያው ተመልሰው አይውጡ።