መልስ፦ የትኛውን ቴሌቪዥን ልግዛ፣ 55 ወይስ 65 ኢንች፣ ኦሌድ ወይስ ሚኒ ኤልኢዲ?

ሶፋህ ከቴሌቪዥኑ 2.5 ሜትር ከራቀና ሳሎኑ እንዳልከው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚገባበት ከሆነ፣ እኔ ብሆን 65ቱን ሚኒ ኤልኢዲ (ስክሪኑ ከጀርባው ባሉ ብዙ ጥቃቅን መብራቶች የሚበራውን) ነበር የምገዛው። ኦሌድ እያንዳንዱ ነጥብ ለብቻው ስለሚበራና ስለሚጠፋ ጥቁሩ ድቅድቅ ያለ ነው፤ መብራት አጥፍተህ ፊልም ስታይ የሚስተካከለው የለም። በጠራራ ብርሃን ግን ከጥቁሩ ይልቅ የሚጠቅምህ ድምቀት ነው፤ በድምቀት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሚኒ ኤልኢዲው ይበልጣል።

ሱቅ ውስጥ በምታየው ቀለም አትሸወድ፤ ዓይን እንዲስብ ብለው እስከ ጥግ ለቀውት ነው። ሻጩን "የፊልም ሞድ ላይ አድርግልኝ" በለውና ጨለም ያለ ትዕይንት ላይ የሰዎቹ ፊት በደንብ ይለይ እንደሆነ እይ። ጌም የሚጫወት ካለ 120 ኸርዝ (ምስሉን በሰከንድ 120 ጊዜ የሚያድስ) ይሁን፤ አለበለዚያ ለሱ ብለህ ብር አትጨምር።

ደግሞ ከመክፈልህ በፊት በቴሌቪዥኑ ሁለት እግሮች መካከል ያለውን ስፋት ለካ። ብዙ ሰው ኢንቹን ብቻ አይቶ ይገዛና እግሩ ከጠረጴዛው ያልፍበታል።