ጥያቄና መልስ፦ የማይታየውን ብርሃን መቁጠር

ከሐይቅ የጻፉልን እናት፣ በፕላኔታዊ ኔቡላ (እየሞተ ያለ ኮከብ በዙሪያው በተፋው የጋዝ ደመና) መካከል ያለው ኮከብ ያን ያህል የጋለ ከሆነ ሙቀቱ እኛን አይጎዳንም ወይ ይላሉ። አይጎዳንም፤ የቀለበት ኔቡላ እንኳ ከ2,000 የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል።

የላሊበላው አንባቢ ይህንኑ ኔቡላ በትንሽ ቴሌስኮፕ ለማየት ይሻሉ። ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምት መጀመሪያ፣ እንደመሸ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይፈልጉት። ቀለበቱ ይታይዎታል፤ ኮከቡ ግን እጅግ ደብዛዛ ነው። ስለ ቴሌስኮፕ ምርጫ ሻጩን ያማክሩ።

የኮምቦልቻው ብረት ሠራተኛ ጥያቄ ሰፊ መልስ ይገባዋል። የጋለ ብረት መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይነጣል፤ ታዲያ የኮከቡን ሙቀት በቀለሙ ለምን አትገምቱም ይሉናል። ገጿ 5,800 ኬልቪን ገደማ ለሆነው ለፀሐይ ይህ ይሠራል። የኔቡላ ማዕከላዊ ኮከቦች ግን ከ25,000 ተነሥተው ከ200,000 ኬልቪን በላይ ይደርሳሉ። 100,000 ኬልቪን የሆነ ኮከብ በብዛት የሚያመነጨው የሞገድ ርዝመቱ 29 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን፣ ለዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ነው፤ ለዓይናችን የሚተርፈው የብርሃኑ ጭራ ብቻ ስለሆነ የ80,000ውም የ150,000ውም ቀለም አንድ ይመስላል።

መውጫውን ያገኘው ኔዘርላንዳዊው ኸርማን ዛንስትራ ነው። ከ91.2 ናኖሜትር ያጠረ እያንዳንዱ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) በኔቡላው ውስጥ ከአንድ የሃይድሮጅን አቶም ኤሌክትሮን ያስወጣል፤ ኤሌክትሮን ወደ አቶም ሲመለስ ደግሞ ከባልመር ተርታ፣ ማለትም በአብዛኛው ለዓይን ከሚታዩት የሃይድሮጅን የብርሃን መስመሮች፣ አንድ ፎቶን ይለቃል። ስለዚህ የጋዙን ብርሃን የለካ ሰው ያላያቸውን ፎቶኖች ቆጠረ ማለት ነው፤ ይህን ቁጥር ኮከቡ ራሱ ከሚሰጠው የሚታይ ብርሃን ጋር ሲያነጻጽር ሙቀቱን ያገኛል።

ዘዴው የሚሠራው ግን ጋዙ ፎቶኖቹን ሁሉ ከዋጠ ነው። ጋዙ ሳስቶ ከፊሉ ካመለጠ ግምቱ ከእውነቱ ያንሳል። የሂሊየም 468.6 ናኖሜትር መስመር ብዙ ጊዜ ከሃይድሮጅኑ የበለጠ ሙቀት የሚሰጠውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። እባካችሁ፣ አንድ የሙቀት ቁጥር ስታነቡ በሃይድሮጅን ነው ወይስ በሂሊየም የተገኘው ብላችሁ ጠይቁ፤ ዘዴው ያልተጻፈበት ቁጥር ግማሽ መረጃ ነው።

የወልድያዋ ተማሪ ከአንድ ስፔክትረም (በቀለም ከተዘረዘረ ብርሃን) የኮከብ ሙቀት አስልታ ለመመረቂያ ጽሑፏ ልታስረክብ ነው። እኅቴ፣ አትቸኩዪ። በመንገድ ያለው አቧራ ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ ይበልጥ ስለሚቀንስ፣ 2.86 አካባቢ መሆን የነበረበት የቀዩና የሰማያዊው የሃይድሮጅን መስመር ንጽጽር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ይህ መታረም አለበት። የኔቡላው ብርሃን ከኮከቡ ብርሃን ካልተቀነሰም ኮከቡ ደማቅ መስሎ ሙቀቱ ዝቅ ይላል። ስፔክትረም የሚሠራ ባለሙያ ስሌቱን መስመር በመስመር ሳያይልሽ አታስረክቢ።