የትኛውን መጽሐፍ ላንብብ? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ዕትም ከደሴና ከኮምቦልቻ አንባቢዎቻችን የላኳቸውን ጥያቄዎች መርጠናል። ታሪክ፣ የእጅ ሥራና ልብ ወለድ ጠቁሙን ያሉ አሉ፤ ያላቸው መጽሐፍ እየተበላሸ ምን እናድርግ ያሉም አሉ። ስም ብቻ ጠቅሰን አናልፍም። ከየት ቢጀመር እንደሚሻል፣ መጽሐፉ ምን እንደሚጎድለውም እንናገራለን፤ ይህ ሳይነገር የሚሰጥ ጥቆማ ገዢውን ለወጪ ብቻ ይዳርጋል።

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ስለ ወሎ ታሪክ ከዚህም ከዚያም የሰማሁት ብዙ ነው፤ ነገር ግን መያዣ የለውም። በሥርዓት ለማንበብ በምን ልጀምር? (ከደሴ፣ አራዳ)

መምህር፣ መጀመሪያ የሚያስፈልግዎት የአገሩን ሁሉ ታሪክ በአንድ ላይ የያዘ መጽሐፍ ነው፤ የወሎው ከዚያ ይከተላል። የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983» ይያዙ። እርሳስ አይለይዎት፤ ወሎ በተነሣ ቁጥር በኅዳጉ ላይ ምልክት ያድርጉ። የ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ የ1881ዱ የውጫሌ ውል፣ ራስ ሚካኤል በ1906 የነገሡበት፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 የተደረገው የሰገሌ ጦርነት፣ የ1965 እና የ1966ቱ ረሃብ ችካል ይሁኑልዎት። ከዚህ በፊት የሰሙት እያንዳንዱ ነገር ከየትኛው ችካል በፊት፣ ከየትኛው በኋላ እንደሆነ ሲለዩ ግርታው በአብዛኛው ይጠፋል።

ቀጥሎ የፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድን መጽሐፍ ያንብቡ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን በፈረንጆች 2001 ታትሟል። ስለ ወሎ አንድ መጽሐፍ ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ይህንኑ ነው። ጸሐፊው የሸሆቹን ታሪክ ከአፍ ከሚነገረውና በዓረብኛ ከተጻፉ ገድሎች አሰባስቦ ስላቀረበው፣ ሙስሊሙ ክርስትና እንዲቀበል ቦሩ ሜዳ ላይ የተወሰነው ውሳኔ ለሕዝቡ ምን ማለት እንደነበር ከዚያ ወገን ሆነው ያዩታል። መግቢያው ስለ ምንጮች ስለሚያትት ከበድ ይላል። ለጊዜው አልፈውት መጨረሻ ላይ ይመለሱበት።

ስለ ገበሬው ኑሮ፣ ስለ በሬና ስለ መሬት፣ ከረሃብ በፊት ድህነት እንዴት እንደገባ ማወቅ ከፈለጉ ጄምስ ማካን በፈረንጆች 1987 ያሳተመው የሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ የገጠር ታሪክ አለ፤ ከ1900 እስከ 1935 (በፈረንጆች) ያለውን ጊዜ ይሸፍናል።

የንጉሠ ነገሥቱን፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን፣ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የመጀመሪያ ክፍል ከጣሊያን ጋር ስለተደረገው የ1928ቱ ጦርነት ሲሉ ያንብቡት። ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ከአየር ስትደበደብ ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ነበሩ። በ1909 ከሥልጣን ስለወረደው የራስ ሚካኤል ልጅ፣ ስለ ልጅ ኢያሱ፣ የሚለውን ግን ብቻውን አይውሰዱት፤ ባለድል ስለ ተሸናፊው የጻፈው ነውና ከባሕሩ ምዕራፍ ጋር ጎን ለጎን ይዩት።

የእንግሊዝኛ መጻሕፍቱን ሲያነቡ የዘመን ቁጥር ያምታታል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ጊዜ ከፈረንጁ ዓመት 7 ይቀንሱ፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። ስለዚህ ኦክቶበር 1916 ጥቅምት 1909 ነው፤ የዐድዋው ማርች 1896 ግን የካቲት 1888 ይሆናል። አንዳንድ ጸሐፊ ሁልጊዜ 8 እየቀነሰ ሰገሌን በ1908 ያስቀምጣል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ካጋጠመዎት ወሩን ይፈትሹ።

የቤት ዕቃ እሠራለሁ። ጣውላ እየተሰነጠቀና እየተጣመመ ያስቸግረኛል። ስለ እንጨት የሚያስተምር መጽሐፍ ካለ ብትጠቁሙኝ። (ከኮምቦልቻ)

ለእርስዎ የምንጠቁመው አዘነ በቀለ ተሰማ ስለ ኢትዮጵያ ጠቃሚ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ያዘጋጁት መጽሐፍ ነው። መጀመሪያ በፈረንጆች 1993፣ ተስፋፍቶ ደግሞ በ2007 ታትሟል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቢሆንም የየዛፉ የአማርኛና የሌሎች ቋንቋዎች ስም፣ ሥዕል፣ የሚበቅልበት ከፍታና የሚውልበት ሥራ በአጭር በአጭሩ ስለተቀመጠ እንግሊዝኛ ያልገፋ ሰውም ይጠቀምበታል። ዛፎቹ የተደረደሩት በሳይንሳዊ ስማቸው ነው፤ በቀጥታ «ዋንዛ» ብለው ቢፈልጉ አያገኙትም። መጀመሪያ ወደ አገርኛ ስሞች ማውጫ ይሂዱ፤ ዋንዛ ኮርዲያ አፍሪካና፣ የሐበሻ ጥድ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ሥር ነው።

መጽሐፉ የተጻፈው ለደንና ለግብርና ባለሙያ ስለሆነ ማጋጠምና ማድረቅ አያስተምርም። ያንን እኛ እንሙላ። ዋንዛ ለመላግ ይመቻል፤ ለበርና ለወንበር ጥሩ ነው። ጥድ ምስጥ ስለማይደፍረው ለምሰሶ ይመረጣል፤ ነገር ግን ሚስማር ሲመታበት በርዝመቱ ይሰነጠቃልና ቀድመው ይብሱት። ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ለእጀታ ይሆናል፣ መላጊያ ግን ቶሎ ያደንዛል። ባሕር ዛፍ ርካሽ ቢሆንም ሲደርቅ በጣም ስለሚኮማተርና ግንዱ ራሱ በውስጡ ውጥረት ስላለው ከሁሉ የሚያስቸግረው እሱ ነው።

መሰንጠቅ የሚጀምረው ከጫፍ ነው፤ እርጥበት በጫፉ በኩል ከጎኑ ይልቅ ፈጥኖ ይወጣልና። ጣውላው ከግንዱ በመጋዝ እንደተከፈለ ሁለቱን ጫፍ ቀለም ወይም የቀለጠ ሰም ይቀቡ። ከመሬት ከፍ አድርገው ጥላ ውስጥ ይደርድሩ፤ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ቁራጭ በመሃል ያስገቡ፤ ቁራጮቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ካልዋሉ ጣውላው ይጎብጣል። ከላይ ድንጋይ ይጫኑ። ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል መጠበቅ የቆየ ልማድ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ደሴ ብርድና እርጥበት ውስጥ የተሠራ በር ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲወርድ ይኮማተራል። የበሩን መሃል ጣውላ በፍሬሙ ቦይ ውስጥ በኮላ አያጣብቁት፤ በሁለቱም ጎን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉለት። ተጣብቆ የሚኮማተር ጣውላ መሃሉን ይሰነጠቃል።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ሌሎች የሚሉትን ያህል አልጣመኝም። (ከደሴ)

ብዙ ሰው የሚያቆመው አንቺ ባቆምሽበት አካባቢ ሊሆን ይችላል። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የሚጀምረው በበዛብህ ወላጆች፣ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ነው፤ ሰብለ ወንጌልን ጠብቆ የተነሣ አንባቢ እዚያው ይሰለቻል። እኛ የምንመክርሽ በዛብህ የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ከሚገባበት ጀምረሽ እንድታነቢ ነው። ጉዱ ካሳ ሲናገር ቀስ በይ፤ የመጽሐፉ ልብ እዚያ ነው። ከጨረስሽ በኋላ ወደ መጀመሪያው ብትመለሺ የወላጆቹ ታሪክ ለምን እንደተጻፈ ይገባሻል። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ የተረከውን ካገኘሽ አንድ ምዕራፍ ስሚና ያንኑ ምዕራፍ አንብቢ፤ ረጅሙ ዓረፍተ ነገር የት እንደሚተነፍስ ከድምፁ ትማሪያለሽ።

ፈጣን ነገር ከፈለግሽ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ያዢ። በ1975 ወጥቶ ከገበያ የተሰበሰበ፣ ደርግ በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አሥመራ ላይ የሚሆን ታሪክ ነው። ስለ ዘመቻው ጥቂት አንብበሽ ብትገቢበት ይሻላል፤ አለበለዚያ ስብሰባዎቹ ይደባለቁብሻል። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ለጊዜው አቆዪው፤ ታላቅ ሥራ ነው፣ ግን ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ ልብ ወለድ እንጂ ለመጀመሪያ አይሆንም። ግጥም ከወደድሽ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «እሳት ወይ አበባ» ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፣ በቀን አንድ ግጥም ብቻ።

የምወደው መጽሐፍ ጀርባው ተሰንጥቆ ገጹ እየተነቀለ ነው። ሌሎቹ ደግሞ በክረምት ሻግተውብኛል። በቤት ውስጥ መጠገን ይቻላል? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

ይቻላል። ብዙዎቹ መጻሕፍታችን በክር የተሰፉ አይደሉም፤ የገጾቹ ጀርባ ተቆርጦ በትኩስ ማጣበቂያ የተያዘ ነው። ማጣበቂያው እያረጀ ይደርቃል፤ በብርድ ጊዜ ተዘርግቶ ሲከፈት ይሰነጠቃል።

ሽፋኑን ቀስ ብለው ይለዩ። ገጾቹን በቁጥር ደርድረው የጎደለ መኖሩን አሁኑኑ ይወቁ። አሮጌውን ማጣበቂያ በደነዘዘ ቢላ ይፋቁ፤ ወረቀቱን እንዳይበሉት። ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርገው ያስተካክሉና በሁለት ጣውላ መሃል በማጥበቂያ ይያዙ፤ ጀርባው ከጣውላው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይውጣ። በ80 ወይም በ100 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ሻከር ያድርጉት።

ቀጥሎ ያለው ነው ዋናው። የወጣውን ጀርባ በእጅዎ ወደ ቀኝ ያጋድሉት፤ ገጾቹ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። ነጭ የእንጨት ኮላ በብሩሽ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ እያንዳንዱ ገጽ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ኮላ ያገኛል። ሳይደርቅ ወደ ግራ አጋድለው ይድገሙት። ቀጥ አድርገው የመጨረሻውን ስስ ንብርብር ይቀቡና አቡጀዲ ይለጥፉበት፤ ጨርቁ ከጀርባው በእያንዳንዱ ጎን 2.5 ሴንቲ ሜትር ይትረፍ። ኮላው እንዳይጣበቅበት በላስቲክ ሸፍነው ከላይ ክብደት ጭነው ያሳድሩት። ሽፋኑን በማግሥቱ በተረፈው ጨርቅ ላይ ይለጥፋሉ።

የሚበላሸው ኮላ ሲበዛ ነው፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ገጾቹን ያጣብቃል፣ መጽሐፉም አይከፈትም። ፈጥኖ የሚደርቀው ብርቱ ማጣበቂያ ደግሞ እንደ መስታወት ስለሚደርቅ እንደገና ይሰነጠቃል። የተቀደደ ገጽ ላይ ስኮች አይለጥፉ፤ ከዓመታት በኋላ ፕላስቲኩ ይነሣና ቢጫ ቅባቱ በወረቀቱ ውስጥ ይቀራል። አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት በአምስት እጅ ውሃ አብስለው፣ ካቀዘቀዙ በኋላ በስስ ወረቀት ቁራጭ ይጠግኑ። የብራና መጽሐፍ፣ የእጅ ጽሑፍ ወይም ብርቅ የሆነ ቀዳሚ ኅትመት ከሆነ ግን አንዱንም አያድርጉ፤ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ለባለሙያ ያቆዩት።

ሻጋታውን በተመለከተ፣ እርጥብ ሆኖ አይጥረጉት፤ ወረቀቱ ውስጥ ይሠርጋል። ከሌሎቹ ለይተው ነፋስ ባለበት ጥላ ያድርቁት፤ ከደረቀ በኋላ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት። መደርደሪያውን ከግድግዳው 5፣ ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ያርቁ፤ በተለይ ዝናብ ከሚመታው የውጭ ግድግዳ። በፌስታል ማሰር መፍትሔ ይመስላል፤ እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዝ ግን ያብሳል።

ከመንገድ ዳር ያገለገለ መጽሐፍ ስገዛ ምን ልይ? (ከኮምቦልቻ)

የመጨረሻውን ገጽና ማውጫውን ያስተያዩ። ከዚያ ገጹን በሙሉ ሳይሆን በየ16 ገጹ ይፈትሹ፤ ወረቀቱ አብዛኛውን ጊዜ በ16 ገጽ ስለሚታጠፍ ሲጎድልም ሲደገምም በዚያው ልክ ነው። የፊደሎቹ ጠርዝ ከተበላ፣ ፎቶግራፎቹ ጥቁር ጭቃ ከመሰሉ፣ ኅዳጉ ከገጽ ገጽ ከተዘናበለ ፎቶኮፒ ነው። ደራሲው ከእንዲህ ያለው ሽያጭ ሳንቲም አያገኝም፤ እኛ አንገዛውም፣ እርስዎም ባይገዙት እንመርጣለን። ጀርባውን በአውራ ጣትዎ ጫን ሲያደርጉት ከተንኳኳ ማጣበቂያው ደርቋል፤ ከላይ ያለውን ጥገና መሥራት ከቻሉ ዋጋ አስቀንሰው ይግዙት። የሻገተ ሽታ ያለውን ግን በርካሽም ቢሆን ይተዉት፤ ቤት ያሉትን ያስይዛል።