ከቆጣሪው ወዲህ

ልጆቼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

በውሃ ሥራ ላይ ሠላሳ ዓመት ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የምኖረው ሐና ማርያም ነው፣ ከአዲስ አበባ ዳር። ሰሞኑን አንድ የሠፈራችን ልጅ ቢጫ ጀሪካኑን እንደያዘ አገኘሁት። «ጋሼ፣ ውሃ እኮ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ እኛ ምን እናደርጋለን?» አለኝ። ለታክሲ ተሰልፎ ስለነበር በወጉ አልመለስኩለትም። ይህን የጻፍኩት ለእሱም ለእናንተም ነው።

ልጁ ያለው ውሸት አይደለም። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 90 ላይ፣ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ሁሉም ኢትዮጵያዊ ንጹሕ ውሃ እንዲያገኝ የሚያስችል ፖሊሲ መኖር እንዳለበት ይናገራል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በሐምሌ 2002 ዓ.ም. ንጹሕ ውሃና የመጸዳጃ አገልግሎት ማግኘት ሰብአዊ መብት ነው ብሏል። ስለዚህ «ኃላፊነቱ የሁላችንም ነው» እያለ ከደሙ ንጹሕ ነኝ የሚል ኃላፊ ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉት። ግድብ መሥራት፣ ጥልቅ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ዋናውን መስመር መዘርጋት የእናንተ ሥራ አይደለም። ቧንቧ ፈንድቶ መንገድ ላይ ሲፈስ ካያችሁ ሄዳችሁ አመልክቱ። ያመለከታችሁበትን ቀን ጻፉ። ካልተሠራ በሳምንቱ ተመለሱ። ሰው ሲመላለስበት ጉዳዩ ከጠረጴዛ ይነሳል። ይህን ከውስጥ ሆኜ ያየሁት ነው።

በእኛ ሥራ ወሰኑ ቆጣሪው ነው። እስከ ቆጣሪው ያለው የመሥሪያ ቤቱ፣ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የደንበኛው። ለሒሳብና ለጥገና ይህ ጥሩ ወሰን ነው። ቆሻሻ ግን ይህን ወሰን አያውቀውም።

አንድ ክረምት ከዳር ሠፈሮች በአንዱ ሕፃናት በተቅማጥ ታመሙ ተባለና ሄድን። እናቶቹን ጠየቅናቸው። ውሃው ሳይቋረጥ ሲመጣ ደህና ነው። ሦስት ቀን ጠፍቶ በአራተኛው ሲመጣ ግን ይሸታል አሉን። መስመሩን በእግር ተከተልነው። ከአንድ ግቢ በር ፊት ለፊት፣ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ፣ ከቆጣሪው ወደ ቤት የሚገባው ቀጭን ቧንቧ ተጋድሟል። መጋጠሚያው ላይ ጥቁር የጎማ ቁራጭ ተጠምጥሞበታል። ጎማውን ስፈታው ከሥሩ የጥፍሬን ያህል ስንጥቅ አገኘሁ። ውሃ ሲኖር በስንጥቁ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። ውሃ ሲጠፋ ግፊት የለም፤ ያን ጊዜ የቦዩ እድፍ ወደ ቧንቧው ይገባል። ከፍ ብሎ ያለው ግቢ ደግሞ ዝናብ ሲበረታ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ወደዚያው ቦይ ይለቅ ነበር።

ባለ ጎማው ወደ ላይኛው ግቢ ጠቆመ። የላይኛው ግቢ፣ ጉድጓድ የሚመጥ መኪና ጠርቶ አልመጣልኝም አለ። ውሃውን ሦስት ቀን ያጠፋነው ደግሞ እኛ ነን። ከታመሙት ልጆች አንዷ እናቷ ጀርባ ላይ ሆና ታየን ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ «የማን ጥፋት ነው?» የሚለው ጥያቄ ለብቻው አልበቃኝም። ከሦስቱ አንዳችን እንኳ የድርሻችንን ብንሠራ ኖሮ ልጅቷ ምናልባት አትታመምም ነበር።

እናንተ ዛሬ ልታደርጉት ስለምትችሉት ነገር ልንገራችሁ። ቤታችሁ የውሃ መሳቢያ ዲናሞ ካለ፣ ከመስመሩ ጋር በቀጥታ ተገናኝቶ እንደሆነ እዩ። እንዲህ ያለው ዲናሞ የጎረቤትን ውሃ ይስባል። በየስንጥቁ ያለውን ቆሻሻም አብሮ ይስባል። ውሃው በራሱ ግፊት መጀመሪያ ሮቶ ውስጥ ይግባ፤ ዲናሞው ከሮቶው ይሳብ። አባታችሁን በዚህ ጉዳይ ማስረዳት ሊከብዳችሁ ይችላል፣ ግን ሞክሩ። ጠፍቶ የመጣ ውሃ ሲሆን የመጀመሪያውን ለወለልና ለሽንት ቤት ቅዱት። የሚጠጣውን አፍሉት፣ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከደፈረሰ አስቀድማችሁ በንጹሕ ነጠላ አጥልሉት። ከዚያ ክደኑት፣ ጣሳ አትንከሩበት። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) አዲስ አበባ ሲገባ ይህን ሁሉ ሰው በቃሉ ያውቀው ነበር። በሽታው ሲያልፍ ተረሳ።

ደግሞ ከሠፈራችሁ ወዲያ ያለውንም አስቡ። የምንጠጣው ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች፣ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ጭምር ነው። ከከተማው ውጭ ያሉ ገበሬዎች መሬት ላይ የዘነበ ዝናብ ነው ወደ እኛ የሚመጣው። እኛ የምንመልስላቸውስ? ቦይ ውስጥ የለቀቅነው ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል፣ አዋሽ ይገባል። በአቃቂ ወንዝ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ተመልሶ እኛው ገበያ ይመጣል። በዚያ መንገድ ላይ በሬዎቹን የሚያጠጣውን ሰው ባየሁት ቁጥር ያመኛል።

ዓለም እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ለሁሉም ይዳረሳል ብሎ ቃል ገብቷል። «ለሁሉም» ሲባል እኔ የሚታየኝ የእኛ ሠፈር የኪራይ ግቢ ነው። ስምንት ክፍል፣ አንድ ሽንት ቤት። ቁልፉ አከራይዋ ቤት ምስማር ላይ ይሰቀላል። ማታ ከፋብሪካ የምትመለስ ልጅ ሰው እንዳትቀሰቅስ ብላ ውሃ ሳትጠጣ ትተኛለች። ለእያንዳንዱ ክፍል ቁልፍ ማስቀረጽ ብዙ ወጪ አይደለም። በር ላይ አምፖል መስቀልም እንዲሁ። አከራይዋን አነጋግሯት፤ ገንዘቡን አዋጡ።

የጽዳት ተራ የተጻፈበት ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፎ ታገኙ ይሆናል። እኔ ባየኋቸው ግቢዎች ሁሉ የሴቶች ስም ብቻ ነው ያለበት። ወንዶች ልጆቼ፣ እስክሪብቶ ይዛችሁ ሂዱና ስማችሁን ጻፉበት። ቅዳሜን ለእናንተ አድርጉት።